ቅዳሴውን በር ላይ ቆማ ለምታስቀድስ እናት

ጥያቄ፦ «የ5 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ3 ዓመት ወንድ ልጅና የ7 ወር ሕፃን አሉኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ቁምስናችን (የሰፈራችን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን) በግዕዝ ሥርዓት ነው የሚቀድሰው። ባለቤቴ (እሱም በአባቱ በኩል ካቶሊክ ነው) የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወሩ ሁለቱን እሑድ መንገድ ላይ ነው። ሳላገባ መዘምራን ውስጥ ነበርኩ፤ በየማለዳው አስቀድስ ነበር። አሁን ቅዳሴው ግማሽ ሳይደርስ ወንዱ ልጄ ይጮህብኛል። አንድ ቀን እንዲያውም አምልጦኝ መቅደሱ ደረጃ ላይ ወጣ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ነው የምቆመው፤ ሕፃኑን ካመመው ደግሞ እቀራለሁ። ማታ መቁጠሪያ ስጀምር ሁለተኛው ምሥጢር ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። አማቴ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው። ግን በጾሙ ወተት ስጠጣ አይተው ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከቁጣ ይብሳል። ልጆቹን ሲያስፈራሩም ‹እግዜር ይቆጣሃል› ነው የሚሉት። እምነቴ እየሞተ ይሆን? ንስሐስ ምን ብዬ ልግባ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሣ። ሕፃኑ ታሞብሽ የቀረሽበት እሑድ ኃጢአት አይደለም፤ ንስሐ የምትገቢበት ነገር የለውም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፣ የተጻፈ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2181 የእሑድ ቅዳሴን ግዴታ ካስቀመጠ በኋላ ከባድ ምክንያት ያለውን ሰው ነፃ ያደርጋል። ለምሳሌ ብሎ የጠራቸው ደግሞ ሁለት ናቸው፤ ሕመምና የሕፃናት እንክብካቤ። ያን ቁጥር የጻፉት ሰዎች ምሳሌ ሲፈልጉ መንገደኛ ነጋዴ ወይም ዘብ የሚጠብቅ ወታደር አልመጣላቸውም፤ ሕፃን የታቀፈች እናት ናት የታየቻቸው።

ይህ ማለት ግን ሕፃን ያላት ሁሉ ልጇ እስኪያድግ ትቅር ማለት አይደለም። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኛ ልጅ፣ ሦስቱን ይዘሽ መንገድ ለመውጣት አጋዥ ማጣት፣ እነዚህ በቂ ምክንያት ናቸው። «ሰው ያየኛል» ግን ምክንያት አይሆንም፤ ለእሱ መድኃኒቱ ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ። በር ላይ ሆነሽ፣ ሕፃን እያባበልሽ፣ ስብከቱን ሳትሰሚ ያለፈው ቅዳሴም ቅዳሴ ነው። ነበርሽ። ሐሳብሽ ወደ ልጁ ስለሄደ አልተሰረዘም።

ሸክምሽን የሚያቀልሉ ሁለት ነገሮችም አሉ። የእሑድ ግዴታ የሚጀምረው ከቅዳሜ ማታ ነው፤ የግዕዝ ሥርዓት የሚተዳደርበት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 881 ይህን ይፈቅዳል። ስለዚህ በአቅራቢያሽ የቅዳሜ ማታ ቅዳሴ ያለው ካቶሊክ ቁምስና ካለ፣ በላቲን ሥርዓትም ቢቀድስ፣ ግዴታሽን ትፈጽሚበታለሽ። ሁለተኛው ነገር፣ ልጆችሽ ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ የእሑድ ግዴታ የለባቸውም። የምትወስጃቸው እንዲለምዱ ነው፤ ሕግ ስለሚይዛቸው አይደለም። እንግዲያው ባለቤትሽ ከተማ ባለበት እሑድ እሱ የመጀመሪያውን ቅዳሴ ያስቀድስ፣ ሲመለስ የሦስት ዓመቱን ለእሱ ትተሽ አንቺ ወደ ሁለተኛው ሂጂ። በወር አንዴ ሕፃኑን ብቻ ታቅፈሽ ወይም ባዶ እጅሽን ብታስቀድሺ ከልጅሽ ምንም አልቀማሽም።

አሁን ወደ ሦስት ዓመቱ። ችግሩ በከፊል ያለው በሩ ላይ መቆምሽ ውስጥ ነው። ከበሩ ሆኖ ልጁ የሚያየው የሰው ጀርባ፣ ጋቢና ጫማ ነው። ዜማ ይሰማል፣ ከየት እንደሚመጣ አያይም። ከኋላው ደግሞ ግቢው፣ እርግቦቹ፣ የሚሮጡ ልጆች አሉ። ማንኛችንም ብንሆን ወደ ግቢው ነው የምንዞረው። ስለዚህ ወደ ፊት ሂጂ፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ረድፍ፣ መተላለፊያው ጫፍ ላይ፣ ለጎን በር ቅርብ የሆነ ቦታ። ይህ ለአንቺ ከባድ እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ዕጣኑን፣ መስቀሉን፣ የአባን እጅ የሚያይ ልጅ ቢያንስ የሚያየው ነገር አለው።

የእሑድ ቅዳሴ የሚበላሸው ደግሞ ቅዳሜ ማታ ነው። ልብሱና ጫማው ሳይዘጋጅ ያደረ ቤት ጠዋት ይጮኻል፤ እናትየዋ ቤተ ክርስቲያን የምትደርሰው ደክማና ተቆጥታ ነው፣ ልጁም እንደዚያው። ቅዳሜ ማታ የሦስቱንም ልብስ ከጫማና ከካልሲ ጋር ወንበር ላይ ደርድሪ። ቦርሳው ውስጥ ሁለት ዳይፐር፣ አንድ ትርፍ ሱሪ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ክዳኑ የማያፈስ የውኃ ጡጦ፣ አንድ ሁለት የሥዕል ካርድ (እመቤታችን፣ የልደት ሥዕል፣ ቅዱስ ገብርኤል) ይግባ። መኪና፣ ቁልፍና ስልክ አይግቡ። ወለል ላይ ሲወድቅ የሚጮህ ነገር ሁሉ ይወድቃል፤ ስልክ ደግሞ አንዴ ከተሰጠ ሲነጠቅ ነው ዋይታው የሚጀምረው። ጠዋት ዳቦ በወተት ወይም ገንፎ አጥግበሽ አውጪው፤ በዚህ ዕድሜ ልጅ አይጾምም። ቆሎና ኦቾሎኒ ግን ለማባበያ ኪስሽ እንዳትይዢ። አንድ፣ ይንኮሻኮሻል። ሁለት፣ ዋናው ነገር፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እያለቀሰ ወይም እየሮጠ ቆሎ ቢበላ ትንታ ሊሆንበት ይችላል። ዝም እንዲል ከረሜላ መስጠቱንም አልደግፍም። የሦስት ዓመት ልጅ ነጋዴ ነው፤ በሚቀጥለው እሑድ ዋጋውን ይጨምርብሻል።

ከአሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ሽንት ቤት አስኪጂው፣ ከዚያ ገና ሰው ሳይበዛ ይዘሽው ወደ ፊት ሂጂና ያን ደረጃ አሳዪው። «አባ የሚቆሙት እዚያ ነው። ከዚህ ደረጃ በላይ አባና ዲያቆኑ ብቻ ናቸው የሚወጡት። የእኛ ቦታ ይሄ ነው» በይው፤ የእናንተን ወንበር በእጁ ያስነኪው። ልጅ የሚሮጠው ወዳላየው ቦታ ነው። ባለፈው ደረጃው ላይ የወጣውም ስለ ባለጌነቱ አይደለም፤ ዜማው፣ ብርሃኑና ዕጣኑ ከዚያ ስለመጣ፣ ማንም ደግሞ ወሰኑን ስላልነገረው ነው። ቅዳሴው ሲያልቅ አባ ዘንድ ውሰጂውና መስቀል ይሳለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቅዳሴው ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ የግዕዝ ሥርዓት እናት ገና ያላወቀችው አጋዥ ነው እላለሁ። የሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ በላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል ብለሽ አትጠብቂ። ግን ቅዳሴያችን ዝም ብሎ መቀመጥን አይጠይቅም። ዲያቆኑ ያዛል፣ ሕዝቡ ይታዘዛል። «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል የተቀመጠ ይነሣል። «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል ወደ ምሥራቅ ይታያል። ቀጥሎም «ንነጽር»፣ እናስተውል፣ ይላል። ይህን በሳምንቱ መሃል ወጥ እየሠራሽ ቤት ውስጥ አጫውቻቸው። የአምስት ዓመቷ ዲያቆን ትሁን፤ ድምፅዋን አስረዝማ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ስትል ትንሹ ከመከዳው ብድግ ይበል። «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ስትል ጠዋት ፀሐይ ወደምትገባበት መስኮት ይዙር። የትኛው መስኮት እንደሆነ አስቀድመሽ አንድ ጠዋት አሳዪው። ሦስቱ ቃላት ይበቃሉ፤ አራተኛ አትጨምሪ። እሑድ ዕለት ዲያቆኑ ያንኑ ሲል ፊቱን አይተሽ ትረጂዋለሽ፤ የሚያውቀውን ሰማ። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው ነገር አለውና በጆሮው «አሁን ሊያዝዘን ነው፣ ስማ» ብትይው ሁለት ሦስት ደቂቃ ትገዢያለሽ። ቃጭሉንም እንደዚሁ፤ «ሲደወል አንገታችንን ዝቅ» በይው። ማብራሪያሽ ከአራት ቃል አይብለጥ። ሹክሹክታሽ ከረዘመ እሱም ይመልስልሻል፣ የእሱ ደግሞ ሹክሹክታ አይደለም።

ሲያለቅስስ? ማልቀሱ አይቀርም። አንድ ደቂቃ ያህል አባብዪው፤ ካልበረደ አቅፈሽው ውጪ። ብዙ እናቶች የሚሳሳቱት ከወጡ በኋላ ነው። ልጁን መሬት ያወርዱታል፣ እሱም ይሮጣል፣ እርግብ ያባርራል። ሁለት እሑድ ይበቃዋል፤ ጩኸት የግቢው ቁልፍ እንደሆነ ይማራል። ስለዚህ ውጭም ቢሆን ከእቅፍሽ አይውረድ፣ አይጫወት፣ ስልክም አይሰጠው። አትቆጪ፣ አትምከሪም። ፊቱን ወደ በሩ አዙረሽ ያዢው። ሲበርድ «አሁን እንገባለን» ብለሽ ግቢ። በአንድ ቅዳሴ አራት ጊዜ መውጣት ይኖራል። አብዛኛውን ጊዜ ከአምስትና ከስድስት እሑድ በኋላ ቁጥሩ ሲቀንስ ታያለሽ። ካልቀነሰ ሰዓቱን ተመልከቺ፤ የእንቅልፉ ሰዓት ላይ የሚውል ቅዳሴ ከሆነ ምንም ዓይነት ዘዴ አይሠራም፣ ሌላ ሰዓት ያለውን ቅዳሴ ሞክሪ። ባለቤትሽ ሲኖር ደግሞ፣ ወንድና ሴት ተለይቶ በሚቆምበት ቤተ ክርስቲያን ወንዱን ልጅ ለእሱ ስጪው። አባቱ አጠገብ የቆመ ልጅ የአባቱን አኳኋን ይኮርጃል።

ሕፃኑን ጡት ማጥባት ካስፈለገ ነጠላሽን ጣል አድርገሽ አጥቢው። እንኳን በሰፈርሽ ቁምስና፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በጥር 2014 እ.ኤ.አ. በቫቲካን ሲስቲን ጸሎት ቤት ሕፃናት ሲያጠምቁ የራበው ልጅ ያላቸው እናቶች እዚያው ሳይሳቀቁ እንዲያጠቡ ነግረዋል። ዞሮ ያየሽ ሰው ደግሞ ድምፅ ስለሰማ ነው የዞረው፤ አንቺም በመዘምራን ዘመንሽ ትዞሪ ነበር።

ለራስሽ ድርሻ ከቅዳሴው ሁለት ቦታ ብቻ ምረጪ፤ ወንጌል ሲነበብና ኅብስቱና ጽዋው ሲባረክ። በእነዚህ ሁለቱ ሰዓት የምትችዪውን ያህል ሁኚ፣ ሌላውን ልቀቂው። ጠዋት ቤት ሳለሽ፣ ቁርስ ስታበይ፣ የዕለቱን ወንጌል አንዴ ካነበብሽው ደግሞ በር ላይ ብትሆኚም ምን እንደሚነበብ ታውቂያለሽ።

ወደ ጸሎትሽ ስመጣ፣ የያዝሽው መርሐ ግብር የሌላ ሰው ነው። የዚያች መዘምር። ያቺ ልጅ ሌሊቱን ትተኛ ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ልጆች ተኝተው፣ ጀርባሽ ትራስ ነክቶ አምሳ ሦስት ጊዜ የማርያም ሰላምታ ልድገም የምትል እናት ሁለተኛው ምሥጢር ላይ ብትተኛ የሚገርመው ሁለተኛው ላይ መድረሷ ነው። ሰዓቱን ለውጪ። መቁጠሪያውን በአንድ መቀመጫ መጨረስ አያስፈልግም። (ሙሉ ሥርየት የሚገኝበት መቁጠሪያ አምስቱን ምሥጢር ሳያቋርጡ መድገም ይጠይቃል፤ ያ ስለ ሥርየቱ የተደነገገ ነው፣ ጸሎቱ ግን ተከፋፍሎም ጸሎት ነው።) አንድ ምሥጢር፣ ማለትም አንድ አባታችን ሆይ፣ አሥር የማርያም ሰላምታ፣ አንድ ስብሐት፣ ሦስት አራት ደቂቃ ይወስዳል።

ይህ ደግሞ ጀበናው ከእሳት ወርዶ አተላው እስኪዘቅጥ ያለው ጊዜ ነው። ቡና በምታፈዪበት ቀን ጀበናውን ማቶቱ ላይ ስታሳርፊ ጀምሪ። አቦሉ ሲቀዳ አንዱ ምሥጢር አልቋል። ለቶናውም ሌላ አለ፤ በረካው ላይ ጎረቤት መጥቶ ወሬ ከጀመረ ተዪው፣ እንግዳ ተቀበዪ። መቁጠሪያ በእጅሽ መያዝ የለብሽም፤ አሥር ጣት አለሽ። ልጆቹ ካሉ ጣትሽን ይቁጠሩልሽ፤ ለሰላምታው አንዳንድ ጣት እያጠፉ። የአምስት ዓመቷ እስከ አሥሩ ትደርሳለች፣ ትንሹ አራተኛው ላይ ይሄዳል። ይሂድ። ታክሲ ጥበቃ፣ ልብስ ማስጫ፣ ሽንኩርት ማቁላላት፣ እነዚህም የአንድ አንድ ምሥጢር ቦታ ናቸው።

ሌሊት ሕፃኑ ሲነቃ ግን መቁጠሪያ አትጀምሪ፤ ትቀሰቀሺና መተኛት ያቅትሻል። ለዚያ ሰዓት አንድ ሐረግ ይበቃል፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»። ትንፋሽ ስታስገቢ «እግዚኦ»፣ ስታወጪ «መሐረነ ክርስቶስ»። በመሃል ከተኛሽም ተኛሽ። ቅድስት ትሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ በገዳሟ በጸሎት ሰዓት ትተኛ እንደነበር ራሷ ጽፋለች፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ሲተኙም እንደሚወዷቸው አስባ ትጽናና ነበር።

ስለ ትሬዛ ካነሣን እናቷን ዜሊ ማርታንን ብዙ ጊዜ ለእናቶች አርአያ አድርገው ይሰብካሉ። ከባሏ ከሉዊ ጋር በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ቅድስናዋ ታውጇል። ዘጠኝ ልጆች ወልዳ አራቱን በልጅነታቸው ቀብራለች፣ በፈረንሳይ አላንሶን ከተማ የዳንቴል ሥራ ትመራ ነበር፣ በየማለዳው ታስቀድስ ነበር። ሰባኪው እዚህ ላይ ያቆማል፣ አድማጯ እናትም አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቀሪውን እኔ ልጨምር፤ ቤቷ ውስጥ ሠራተኛ ነበረቻት። ትንሿን ትሬዛን ማጥባት ስላልቻለችም ገጠር ላለች አጥቢ ሰጥታ ልጅቱ አንድ ዓመት ያህል እዚያ ነው ያደገችው። ከዜሊ ጋር ራስሽን ስታነጻጽሪ ይህንንም አብረሽ ቁጠሪ።

ከልጆቹ ጋር የሚደረገው የማታ ጸሎት አጭር ይሁን፤ ለሦስት ዓመቱ ሁለት ደቂቃ፣ ለአምስት ዓመቷ አራት። የሚበላሸው በሰዓቱ ነው። መኝታ ላይ፣ ዓይናቸው ሊከደን ሲል ከተጀመረ ወይ ያለቅሳሉ ወይ ይስቃሉ። እራት ተበልቶ እጅ እንደታጠበ አድርጊው። ከመስቀሉና ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቁሙ፤ ሻማው የአምስት ዓመቷ እጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን፣ ከመጋረጃም ይራቅ፣ ጸሎቱ ሲያልቅ ወዲያው ይጥፋ። ለማጥፋት ተራ አውጪላቸው፣ አለበለዚያ ጠብ ነው። ቅደም ተከተሉ ማማተብ፣ አንድ «አመሰግናለሁ»፣ አንድ «ይቅርታ»፣ አንድ «እባክህ»፣ አባታችን ሆይ፣ ከዚያ በአውራ ጣትሽ ግንባራቸው ላይ መስቀል። ትንሹ ስለ ድመት ቢያመሰግን አታርሚው።

ማማተብ ስታስተምሪ ፊት ለፊት አትቁሚ። ልጅ እንደ መስታወት ነው የሚኮርጀው፤ አንቺ በቀኝ እጅሽ ስታማትቢ እሱ በግራው ያማትባል፣ ወይም ትከሻው ይገለበጥበታል። ከኋላው ተንበርከኪና ቀኝ እጁን ይዘሽ አብረሽው አማትቢ። አንድ ወር ይበቃዋል። መቁጠሪያም ለሕፃኑ አልጋ ላይ አትስቀዪ፣ አንገቱም ላይ አታጥልቂ። ገመዱ ሊያንቀው፣ ዶቃው ተበጥሶ ጉሮሮው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከሦስት ዓመት በላይ ላለው ልጅ በወፍራም የጥጥ ክር የተቋጠረ፣ ዶቃ የሌለው ይሻላል፤ እሱንም አንቺ ባለሽበት።

ስለ ጾሙ ብዙ አልልም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በጾም ሕግ አትያዝም። የሚያጠባ ሰውነት በቀን ከ400 እስከ 500 የሚደርስ ተጨማሪ ካሎሪ ይፈልጋል፤ ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፣ በጡትሽ ወተት በኩል ወደ ሕፃኑ የሚደርሰውም አንቺ የበላሽው ነው። ወተትሽን ጠጪ። ጾሙን በሌላ ያዢው፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልክ አለመንካት ለብዙ እናት ከወተት የከበደ ጾም ነው። ለቁርባን የሚጾመው ሰዓት በላቲን ሥርዓት ከመቁረብ በፊት አንድ ሰዓት ነው፣ ውኃና መድኃኒትም አያፈርሱትም። በግዕዝ ሥርዓት የቆየው ልማድ ከዚያ የረዘመ ስለሆነ፣ እያጠባሽ እንደሆነ ነግረሽ ከቆሞስሽ ጋር አንዴ ተነጋገሪና ወስኚ፤ በየእሑዱ አትጨነቂበት።

ለአማትሽ ደግሞ ዝም አትበይ። የእሳቸው ዝምታ ምናልባት ቁጣ ሳይሆን «ልናገር ወይስ ይቅር» ነው። አባን ካነጋገርሽ በኋላ ቡና ላይ «እማማ፣ ሕፃኑ ጡት እስኪተው ድረስ አባ እንድበላ ነግረውኛል፤ እስከዚያ እርስዎ ጸልዩልኝ» በያቸው። አባን ማንሣትሽ ይረዳል፣ ጸሎት መለመንሽ ደግሞ ከዳኝነት ወንበር ያስነሣቸዋል። «እግዜር ይቆጣሃል» የሚለው ግን በለዘበ ቃል መቆም አለበት። በአምስት ዓመቷ ላይ የሚያደርሰውን ተመልከቺ፤ ብርጭቆ ስትሰብር እግዚአብሔር ተቆጣ፣ ማታ ታማ ስትነሣ ተቀጣሁ ትላለች፣ ከዚያ በኋላ እስቲ ወደ ጸሎት ጥሪያት። አማትሽን በልጆቹ ፊት አታርሚያቸው። ብቻቸውን ሲሆኑ «እማማ፣ ‹እናትህ ትቆጣለች› በሉልኝ፣ ቁጣውን እኔ ልውሰደው» በያቸው። በዚያው ላይ ሥራ ስጧቸው፤ ለልጆቹ የቅዱሳንን ታሪክ ማታ ማታ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል፣ አያት ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ንስሐ ስትገቢ የምትናገሪው «ሦስት እሑድ ቀረሁ» ሳይሆን የተቆጣሽበት ነገር ይሁን። ልጅሽ ላይ የጮኽሽው፣ በድካም የመታሽው፣ ባልሽን በስልክ የተናገርሽው። በሥራ ቀን አባ የሚገኙበትን ሰዓት ጠይቂና ሂጂ፤ አምስት ደቂቃ ነው። ሕፃኑን ታቅፈሽ መግባት ትችያለሽ፣ ነገር የገባት የአምስት ዓመቷ ግን ውጭ ትጠብቅሽ። ልጁ ላይ ጮኸሽ ከሆነ ንስሐውን ሳትጠብቂ የዚያኑ ዕለት ዝቅ ብለሽ «ይቅርታ ልጄ፣ ጮኽኩብህ፤ ልክ አልነበርኩም» በይው። የማታው «ይቅርታ» ምን እንደሆነ የሚማረው ከዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ከእምነት ጋር አታደባልቂ። ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ አንቺ መተኛት ካቃተሽ፣ ምንም ነገር ካላስደሰተሽ፣ ያለ ምክንያት እንባ ከመጣሽ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ሰባት ወር ካለፈም ይከሰታል። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ይህንኑ ለባለሙያው ንገሪ፣ መታከም ይቻላል። ራስሽን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ዕለት ሰው ይዘሽ ሂጂ። ይህን ለአባ ብቻ ነግሮ መመለስ አይበቃም።

ባለቤትሽ መንገድ ላይ ባለበት ማታ የጸሎቱን ሰዓት አስታውቂው፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ከሆነ አንድ ሰዓት ከሩብ። መኪናውን አቁሞ ይደውል፣ እየነዳ አይሆንም። ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከሥዕሉ ሥር አስቀምጪውና «አባታችን ሆይ»ን እሱ ይጀምር፤ ሲያልቅ የሦስቱንም ስም እየጠራ ይመርቃቸው፣ አንቺ በአውራ ጣትሽ በየግንባራቸው አማትቢ። አንዳንድ ማታ ኔትወርክ አይኖርም። አምስት ደቂቃ ጠብቂ፣ ካልገባ «አባባ አልደረሰንም፣ ዛሬ ለእሱ እኛ እንጸልይለት» ብለሽ ጀምሪ፤ ሻማውን የሚያጠፋው ተራው የማን እንደሆነ ግን አትርሺ።